እማዬ የምትገባበት በር

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የማይለቅሽ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት እንደሆነ ነው? ባለቤትሽስ የፈረቃ ሥራው ቀለል አለለት? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አለፈኝ ብለሽኝ ነበር፤ እንግዲህ ከአሁን በኋላ ስትቆጪው ቀና ብለሽ ነው ማለት ነው። እኛ ሁላችንም አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። አለን ማለቴ ግን ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ዝቅ ብለሽ ስታነቢ አኳኋናችንን ታዪዋለሽ።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዘው ትይ ይሆናል። አንቺ ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ናት። ድምፅሽን እንድትሰማ ስልኩን ከፍ አደርግላታለሁ፤ አንቺም "አዲሱ ወንበር ተመቸሽ?" ትያታለሽ፤ እሷም "በጣም ይመቻል ልጄ፣ ተባረኪ" ትልሻለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። እታለም፣ እማዬ አዲሱ ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠችም። ሐኪም ቤት መሄድም ካቆመች ሰነበተች። እሷ እየሰማች ይህን መናገር አቅቶኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ከሥሩ ልንገርሽ። አባባ ካረፈ ወዲህ በኩር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ነው የከረመው። አባባ መኪናውን በኩር እያለ፣ "መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ እሱ ነው፣ እናንተ ኋላ የመጣችሁ ናችሁ" ሲለን እንዴት ትናደጂ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የእማዬ ወገብ ሲብስባት ሐኪሙ በየሳምንቱ እየተመላለሰች እንድትታከም አዘዘ። ካቋረጠች እግሯ እየሰነፈ ይሄድና ከአልጋ መነሣት ሊያቅታት ይችላል ብሎ በግልጽ ነገረኝ። ጥቂት ጊዜ በታክሲ ወሰድኳት፤ ሲያንገጫግጫት ውሎ ከሄደችበት ብሶባት ትመለሳለች። በኩርን እንዳናወጣው ደግሞ የፊት ወንበሩ አልቆለታል፤ ሞላው ስፖንጁን በስቶ ይወጋል። አንቺ "ወገብ የሚደግፍ ዘመናዊ ወንበር አስገቡለት" ስትይ ሁላችንም እውነቷን ነው አልን። አክስታችንም፣ ሐኪሙም፣ እኔም። ስለዚህ በአንቺ የሚፈረድ ነገር የለም፤ ይህን አስቀድመሽ ያዢልኝ።

እኔ እንደምታውቂኝ ፀጉር እንጂ ብረት አላውቅም። የአባባን ወዳጅ፣ ወንበር ሰፊውን ይዤ አሮጌ መኪና ወደሚፈታበት ግቢ ሄድኩ። ከኋላው ተገጭቶ ከተጣለ አዲስ መኪና ሁለት የፊት ወንበሮች አገኘን፤ የራስ መደገፊያ ያላቸው፣ ወደፊትም ወደኋላም የሚሄዱ፣ ወገብን ገፋ አድርገው የሚይዙ። ተቀምጬባቸው መነሣት አስጠላኝ። በኩር ግን አልቀበልም አለ። ወለሉ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ለአንድ ረጅም ወንበር የተበጁ ናቸው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ወለሉ ያበጠ ነው። ጋራዥ ወስደን መጀመሪያ ሲያስገቡት ወንበሩ ከፍ ብሎ ራሴ ጣሪያ ነካ፣ ጉልበቴ መሪው ሥር ተቀረቀረ። ወንበር ሰፊው ከት ብሎ ሳቀና "የሌላ ሰው ሱሪ የለበስክ ነው የምትመስለው" አለኝ። የጋራዡ በያጅ ከሥሩ ቆርጦ ዝቅ አደረገልን። ከወለሉ ጋር የሚያይዘው ብረት ጠንካራ መሆን አለበት ሲል ሁላችንም ዓይናችን ጥግ ላይ ወደቆመው አሮጌው ወንበር ሄደ። "ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል፣ ቁረጠው" አልኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው።

አሮጌውን ሲፈቱት ከሥሩ የእማዬ የፀጉር ማስያዣዎችና የአባባ የሸሚዝ ቁልፍ ወጡ። ወንበሩ በአባባ በኩል ጎድጉዷል። ከእሱ ቀጥሎ፣ መሃል ላይ፣ ሌላ አነስ ያለ ጉድጓድ አለ። በመስኮቱ በኩል ያለው ግን እንደተገዛ ነው፤ ሰው አልተቀመጠበትም። ወንበር ሰፊው በእጁ ዳበስ አደረገው። እኔ ቆዳው ምን ዓይነት ቀይ ይሁን በሚለው ተጠምጄ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የሠራሁትን ስሚ። ሥራውን ላሳምር ብዬ የጋቢናውን በር አስጠገንኩ። ያንን ከውጭ አልከፈት ያለውን። አባባ አሠራው ሲባል "በእኔ በር ትገባለች፣ ምን ጎደላት?" እያለ ዕድሜውን ሙሉ የተወውን በር። መካኒኩ እጀታውን ለውጦ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ በአንድ ጣት እንዲከፈት አደረገው። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

እማዬ ለሐኪም ቤት ለብሳ ወጣች። ባለቤቴና አክስታችን በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ የጋቢናውን በር ከፍቼ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ጎንበስ ብያለሁ። እማዬ ልብም አላለችኝ። በመኪናው ፊት ዞራ ወደ ሾፌሩ በር ሄደች፣ ከፈተችው፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አደረገችና አንድ ጉልበቷን አስገባች። ከዚያ ለመንሸራተት ሌላውን እጇን ወደ መሃል ሰደደች። መሃል የለም እኮ እታለም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ክፍተት ነው፤ እጇ ወርዶ ወለሉን ነካ።

እንዳጎነበሰች ቆየች። መቼም አፌ አያርፍ፣ "በዚህ በኩል ነው እማዬ፣ ተሠርቷል እኮ" አልኳት። ቀና ብላ በመኪናው ውስጥ አሻግራ አየችኝና "በዚያማ የሚገባው እንግዳ ነው" አለች። ጉልበቷን አወጣች፣ ቀሚሷ እንዳይያዝ አይታ በሩን ዘጋችና ወደ ቤት ተመለሰች። አስታወስሽው አይደል? እሷ ተንሸራታ ስትገባ አባባ ከውጭ ቆሞ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስቦ ያቀብላትና "ቀሚስሽን" ይላት ነበር፤ ከዚያ ነው እሱ የሚገባው። መስኮቱ ጋ ያ ሁሉ ቦታ እያለ እሱ ላይ ተለጥፋ ስትቀመጥ "ማርሽ ልትቀይሪለት ነው እንዴ?" ብለሽ የተቆነጠጥሽው አይረሳኝም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያን ወንበር ያስቆረጥኩት።

በነጋታው ወደ ጋራዡ ሮጬ ሄጄ መልሱልኝ አልኳቸው። ምኑን ይመልሱታል? የአሮጌው ወንበር ብረት ተቆራርጦ አዲሶቹን ተሸክሞ ተቀምጧል። ሌላ ብረት ይሠራ ብልም ወለሉ በዝገት ሳስቷል፣ ከእንግዲህ አንድ ቀዳዳ ቢጨመርበት አይችልም አሉኝ። ወንበር ሰፊው ሲያዝን ሰንብቶ የቀረውን መቀመጫና መደገፊያ የእንጨት እግር ሠርቶለት በጋሪ አመጣልን። አሁን በረንዳው ላይ ነው። እማዬ ቀኑን ሙሉ እዚያ ትውላለች፤ መሃል ላይ፣ በራሷ ጉድጓድ። አንድ ቀን ሳላስብ በአባባ በኩል ብቀመጥ "ተነሣልኝ ልጄ" አለችኝ። ተነሣሁላት። "በጣም ይመቻል" የምትልሽም እዚያው ላይ ሆና ነው፤ እንግዲህ ዋሽታሻለች አልልም።

ወገቧ ግን እየባሰባት ነው። ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው፤ አንድ እግሯን ትጎትታለች። የበኩር የኋላ ወንበር አልተነካም፣ እንደ ድሮው ረጅም ነው፣ እዚያ ተቀመጪ ብዬ ለመንኳት። "ኋላ የልጆች ነው" አለች። ትዕግሥቴ አለቀና "የትኞቹ ልጆች?" ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬም ሥራ አልሆነም፤ የደንበኛዬን ፀጉር በአንድ ወገን አሳጥሬ ሌላውን ረስቼ ልሸኘው ስል በመስተዋት አይቶ ተመለሰ።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ስትዘጊ ምርኩዟን አንሥታ ወደ መኪናው ሄደች። የኋላውን በር ከፍታ ጎንበስ ብላ አየች። መስኮቱ ጋ ያንቺ ቦታ ላይ ስፌቱን በጥፍርሽ እየጎረጎርሽ ያወጣሽው ቀዳዳ አሁንም አለ። ጣቷን አስገባችበት። "የእሷ ቦታ አልተነካም" አለች። ቆይታም፣ "ስትመጣ እዚህ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ቀሚሴን እሷ ትይዝልኛለች" አለችኝ። እኔ ልያዝልሽ ብላት "አንተማ ትነዳለህ" አለች።

እታለም፣ ፈቃድ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ለአባባ ቀብር መድረስ አቅቶሽ ስልኩ ላይ ያለቀስሽው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ያኔ ቻይው አልኩሽ። አሁን ግን እንዲያ አልልሽም፤ ነይ ነው የምልሽ። ሐኪሙ አታዘግዩት ብሏል፤ እኔም በዓይኔ እያየሁት ነው። ስትደውዪ ይህን እንደነገርኩሽ አታስመስዪ፤ የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪያት።

አክስታችን እንደምነሽ ብላሻለች፤ ጉልበቷን ትታ አሁን የምታማርረው ጥርሷን ነው። ባለቤቴ ትስምሻለች። ልጄ ባላየችሽም አክስቴ እያለች ፎቶሽን ለጎረቤት ታሳያለች። ወንበር ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ሰላም በልልኝ ብሎኛል። አንቺም ባለቤትሽንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

እማዬ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ፣ ለአንቺ መሆኑን ስነግራት "ሰላም በላት" አለች። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ደግሞ ጠርታኝ "ቀሚሴን አጥቤዋለሁ በላት" አለችኝ።

ወንድምሽ

ከቤት፣ ከበረንዳው
የካቲት 9 ቀን