«አልመጣም» የማለት ደንብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ አራት ባለጉዳይ። ሁሉም ከሞተ ሰው ቃል ፈልገው። አንዱ ሚስቱ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ጠይቂልኝ አለ። ሞታም አላረፈች፣ አልኩ በሆዴ። «ታችኛው መሳቢያ» አልኩት። ግምት ነው... ሙታንን ልሰማ አሥር ጊዜ ብቀመጥ የሆነ ነገር የሚመጣልኝ ሦስቴ ነው። ሰባቱን ከራሴ ነው የምሞላው። ይህ ለማን ይነገራል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጸጉሬን ልታጠብ ማዕዘኑ ላይ ያለው ጸጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱን አወቅኳት። ባለፈው ወር የወንድሟን ጃኬት ታቅፋ የመጣችው ናት።

«እርስዎ ከነገሩኝ ወዲህ መፈለግ ተውኩ» አለችኝ፣ ጸጉሬን እያሸች።

«መፈለግ?»

«ጠፍቶ ነበራ! ሁለት ዓመት ሙሉ... ሆስፒታል፣ እስር ቤት፣ ያልረገጥኩት የለም። ‹አርፌያለሁ፣ አትጠብቂኝ› ብሏል ሲሉኝ ልብሱን ሁሉ ለሰው ሰጠሁ።»

ጠፍቶ? እኔ እኮ ሞቶ መስሎኝ... ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ነበር የመጣችው። ዛሬም ጥቁር ለብሳለች። ሠራተኞቿም እንደዚያው። ለካ የጸጉር ቀለም ሲፈናጠቅ እንዳይታይ ነው! ሐዘን ያልኩት የሥራ ልብስ ነው። «ወንድሜ» ከማለት በላይ አፏን እንድትከፍት አልፈቀድኩላትም። አክስቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው፤ ባለጉዳይ ሳይናገር ልብሱን፣ ጫማውን፣ እጁን ማንበብ። ያን ቀን ደግሞ ምንም አልመጣልኝም ነበር።

እውነቱን ሳልነግራት ከፍዬ ወጣሁ። ፈሪ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ለአክስቴ ነገርኳት። እግሯ አብጦ ከቤት አትወጣም፣ ምላሷ ግን ደህና ነው።

«ሰው እኛ ጋ የሚመጣው እፎይ ለማለት ነው። እፎይ ካለች ምን ቸገረሽ?»

«በሕይወት ቢኖርስ?»

«ቢኖር ይደውል ነበር።»

ወረቀት አወጣሁ። ሦስቴ ጽፌ ቀደድኩ። የቀረው ይኸው... መጀመሪያ ባለጉዳዩ ይናገራል። ሰውየው መሞቱ በእርግጥ ካልታወቀ አልቀመጥም። ስለ በሽታ አልናገርም፤ አግቢ፣ ፍቺ፣ ሽጪ አልልም። ምንም ካልመጣ «አልመጣም» እላለሁ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ቤቱን ዘግቻለሁ ብትዪ በአንድ መስመር ያልቅልሽ ነበር።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደንቡ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ሰዎች አንብበው ተመለሱ። አንዲት ሴትዮ ገባች፣ ለባሏ። ተቀመጥኩ፣ ጠበቅኩ... «አልመጣም» አልኳት። «ተኮራርፈን ነዋ የሞተው! ኩርፊያው አሁንም አልለቀቀውም» ብላ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ምንም ሳልዋሽ ሸኘኋት።

ጸጉር ቤቱ ድረስ ግን ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ተመለስኩ። ለሌላው ደንብ መለጠፍ ይቀላል። ነገ የግድ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሄድኩ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲሳሳ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ያን ቀን ምንም አልመጣም። ወንድምሽ አንድም ቃል አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። መሞቱንም መኖሩንም አላውቅም።»

«‹አትጠብቂኝ› ያለውንስ?»

«እሱንም።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ድሮ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ሮጬ ነበር የማነሳው» አለች። «እርስዎ ከነገሩኝ በኋላ ግን ማንሳት ተውኩ። ወር ሙሉ! ስንቴ እንደጮኸ ያውቃሉ? ይውጡልኝ!»

ወጣሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ግን ነግሬያታለሁ። አክስቴ ፊቴን አየች። በዚያ እግሯ ተነስታ ሻይ አፈላችልኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ዛሬ መጣች። በጥቁሯ። በሩ ላይ ቆማ ደንቡን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች።

«እንድትቀመጪልኝ አይደለም የመጣሁት» አለች። አንቱታው ቀርቷል፤ ይገባኛል። ከቦርሳዋ የወረቀት ጥቅል አወጣች። «ፍለጋውን እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። አንቺ ጋ ብዙ ሰው ይመጣል... እዚህ ልለጥፍ?»

ደንቡን ዝቅ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላት። እሷ ፕላስተሩን ስትቆርጥ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩላት። ፎቶው ላይ ግንባረ ሰፊ፣ አንድ ጥርሱ የተሸረፈ፣ ሊስቅ ምንም ያልቀረው ሰው። «አርፌያለሁ» ያሰኘሁትን ሰው ፊቱን ያየሁት ዛሬ ገና ነው።