ለአሰልጣኙ የያዝኩት ቂም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ የሻው፤

የሳንጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና እናታችን አዘዞ ላይ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ሸጋ ጥጃ ወልዳለች። ሰፈሩ ግን አዲስ ቤት በዝቶበት ከገበያ ስመለስ መንገዱ ይጠፋኛል፤ ባለፈውም ጎረቤታችን አባይነሽ ናት ቤት ያደረሰችኝ።

አሰልጣኙን ተወው፣ ቂም አትያዝ ያልከኝን ሰምቻለሁ። አልተውም! ለክለቡ ስጫወት ራስ ለራስ ተጋጭቼ በወደቅሁ ቁጥር "ዞረብኝ፣ ቀይረኝ" እለዋለሁ፤ እሱ አናቴ ላይ ውሃ ደፍቶ "ተነስ፣ ወንድ አይደለህም?" ብሎ ይመልሰኛል። ኳሷ ሁለት ሆና ስትታየኝ አባረረኝና ዋንጫውን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ደጄን የረገጠ ቀን በወይራ ዱላዬ አናቱን ነው የምለው። እንደኔ ይዙርበት! በማርያም ምያለሁ።

እሁድ ዕለት አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እግሬ ላይ ወድቀው "ይቅር በለኝ ልጄ" ሲሉኝ ደነገጥሁ። ምን እንደበደሉኝ ባላውቅም አሳዘኑኝና "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብዬ አነሳኋቸው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዱላዬን ለመደገፊያ ሰጥቼ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋቸው። ስመለስ እናታችን እያለቀሰች "አሰልጣኝህ እኮ ነው!" አለችኝ። አርጅታለች መሰለኝ፣ ዓይኗ ደክሟል። የዚያ ሰው ፊት ይጠፋኛል እንዴ?

ለማንኛውም ስትመጣ ጠንካራ ዱላ ቆርጠህ አምጣልኝ፤ ያ ሰው ሲመጣ ባዶ እጄን እንዳያገኘኝ።

አንተንም እዚያ የዘራኸውን ሰሊጥም መድኃኔዓለም ይጠብቅልኝ። ዱላውን አደራ።

ታናሽህ አንዱዓለም