«ማን ይቀበላቸዋል?» እያሉ የኖሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን የዛሬ ስድሳ ዓመት ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ እናታቸው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብለው ያያቸው ጥቂት ነው። አባታቸው «ይቺ ልጅ ፍሬን የላትም» ስላሉ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ፍሬን የለሿ ተብለው ቀሩ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀመሩ። የአምስተኛ ክፍል መምህራቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ትምህርቷ ጥሩ ነው፤ ወንበሯ ግን አያውቃትም» ብለው ጻፉ። ከትምህርት መልስ እናታቸውን የሚጠብቁት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። እናታቸው አንሶላውን ዘርግተው አይተው፣ ይህን በሽተኛ ቀኑን ሙሉ ያገላበጠው የለም፣ ይህችን ውሃ ያጠጣት የለም ይሉ ነበር። አንሶላ ማንበብን የሕግ ትምህርት ቤት አላስተማራቸውም።

በሃያ አራት ዓመታቸው በሕግ ተመረቁ። ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት ከሠሩ በኋላ፣ ለጤናና ለእንክብካቤ ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ገብተው ከሠላሳ ዓመት በላይ አገለገሉ። ሌሎቹ የሕግ ሰዎች የተቆጣጣሪዎቹን ሪፖርት ጠረጴዛቸው ላይ ይጠብቁ ነበር። እርሳቸው ግን አብረው ይወጡ ነበር። በዋናው በር አይገቡም። የተቋሙ ባለቤት ቢሮውን አስጠርጎ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው በጓሮ ዞረው አንሶላ ያገላብጣሉ።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ተበላሽቶ ስላገኙ የአንድ መድኃኒት ቤት ፈቃድ ለአሥራ አምስት ቀን አገዱ። ባለመድኃኒት ቤቱ አቤት ለማለት መጡ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ፤ ሰውየው ግን መመላለሳቸውን አልተዉም። በዓመቱ ሁለቱ ሲጋቡ፣ ሙሽራው በሠርጉ ላይ «ቴርሞሜትሩን ቀይሬያለሁ፤ ቁጥጥሩ ግን ይኸው አልተነሣልኝም» ብለው እንግዳውን አሳቁ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቹ እናታቸውን ሲያስታውሱ፣ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚሏቸው በር ላይ ቆመው ጫማ ሲያጠልቁ ነው። ይህ የተጻፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ለወቀሳ አይደለም።

በአርባ አምስት ዓመታቸው አንድ ስሕተት ሠሩ። እርሳቸው ራሳቸው አልደበቁትምና እኛም አንደብቀውም። ሠላሳ አንድ አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ ቤት ነበር። መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት፣ አንሶላው ከወር ወር የማይለወጥ ነው። ይዘጋ ተባለ። እህታችን ለክሊኒክ መዝጊያ የሚያገለግለውን ትእዛዝ ወስደው የክሊኒኩን ስም ብቻ በዚህ ቤት ስም ተኩ። «ከተፈረመበት ሰዓት ጀምሮ ማንኛውንም አገልግሎት መስጠት የተከለከለ ነው» ይላል። ክሊኒክ ሲዘጋ ታካሚ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእነዚህ ሰዎች ቤት ግን ያው የሚዘጋው ነበር።

ባለቤቱ ትእዛዙ እንደደረሰው ሠራተኞቹን አሰናበተ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘበኛው ደወለ። «እመቤቴ፣ ሽማግሌዎቹ ምሳ አልቀመሱም። እኔ ላብላቸው ብል ወረቀቱ ያስከስስሃል አሉኝ።»

ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር በረሩ። ኮታቸውን አውልቀው ሾርባውን ማሞቅ ጀመሩ። ሾፌሩ «ወይዘሮ፣ ይሄ እኮ የራስዎን ትእዛዝ መጣስ ነው» ቢላቸው፣ «ተወኝና ማንኪያ አምጣ» አሉት። ነገር ግን አንዲት እናት ደጋፊ አጥተው ብቻቸውን ከአልጋ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። እህታችን ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሙ። የሟች ልጅ ማን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። «እናቴን ማን እንዲቀበላት ነበር ያሰባችሁት?» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ አንቀጽ በመመሪያው እንዲገባ አሥራ ሦስት ዓመት ተሟገቱ። አንቀጹ፣ አልጋ ሳይነጠፍለትና በስሙ የሚቀበለው ሰው በር ላይ ሳይቆም ማንም ነዋሪ ከሚዘጋ ቤት አይወጣም፤ እስከዚያው መሥሪያ ቤቱ የራሱን ነርሶች ያስገባል ይላል። አለቆቻቸው መጥፎ ቤት ክፍት ሆኖ ሊቆይ ነው፣ ነርስ ከየት ይመጣል አሉ። አራት ጊዜ ተመለሰባቸው። ባልደረቦቻቸው ወይዘሮ አንቀጽ ይሏቸው ጀመር። በቤተሰብ ማዕድም ስለዚሁ ይነሣ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ሰልችተናቸው እንደነበር መናገር ይገባል። አንቀጹ አምና ጸደቀ።

የደም ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀውም በዚያው ዓመት ነው። በአንቀጹ መሠረት የመጀመሪያው ቤት ሲዘጋ እርሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ነዋሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ያው ሾፌር አንድ ሰው ባደረሰ ቁጥር ይደውልላቸዋል፤ እርሳቸውም ሁልጊዜ «ማን ተቀበላቸው?» ይላሉ። የመጨረሻው አዛውንት ሬዲዮዬን ትቼ አልሄድም ብለው ሁለት ቀን አስቸገሩ። ባለፈው ማክሰኞ ጧት ሾፌሩ ደወለ።

«ገብተዋል፣ ወይዘሮ።»

«ማን ተቀበላቸው?»

«ነርሷ፣ በር ላይ ቆማ። በስማቸው ጠራቻቸው።»

«ሬዲዮውስ?»

«ሶኬቱ አልገጥም አለ።»

«ታዲያ ቆመህ ምን ታወራኛለህ?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ታላቅ ወንድማቸው አጠገባቸው ነበሩ። እህታችን ከዚያ ትራሱን ተደግፈው በመስኮት ሲመለከቱ ቆዩ።

ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ሦስት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሬዲዮው መሥራቱን ሾፌሩ ለቅሶ ሲመጣ ነግሮናል።

እርሳቸው ለሌላው የጠየቁትን እኛም ዛሬ ለእርሳቸው እንጠይቃለን። በሚሄዱበት ስፍራ አልጋቸው ተነጥፎ፣ በስማቸው የሚጠራቸው በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸው። ዕረፍትን አያውቁትምና፣ ፈጣሪ እስኪለምዱት ይታገሣቸው።