የኮኩ ዛፍ ለማን እንደሚሆን

እኔ ጡረተኛው አናጺ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ካባራ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ በምስክሮች ፊት አስጽፌአለሁ። ሰማንያ ሁለት ዓመት በልቼ ጠግቤ ኖሬአለሁና አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ቤቱን ከነዕቃው ለልጄ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰጥቻለሁ። ጓሮውን ግን አልሰጠሁትም። ደልድሎ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ማሰቡን ሰምቻለሁ፤ ገና አልደነቆርሁም።

ሁለተኛ፦ ጓሮው ከነአትክልቱ፣ ከነመኮትኮቻውና ከነኮክ ዛፉ ለልጄ ሚስት፣ ለልብስ ሰፊዋ ምራቴ ይሁን። ምክንያቱም ይህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዛፉ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬ ነፈገን። «የፈላ ውሃ ሥሩ ላይ ደፍታበት ነው» ብዬ በጎረቤት ፊት አዋረድኋት። ሐሰት ነበር። እንቡጡ ከፈነዳ በኋላ፣ ያለ ወቅቱ፣ ፍሬ የሚይዘውን ቅርንጫፍ ሁሉ የገረዝሁት እኔው ነኝ። «አናጺው ቆረጣ ተሳሳተ» መባልን ፈርቼ አፌን ያዝሁ። እርስዋ ግን በየበጋው ሥሩን ገለባ አልብሳ፣ ዝናብ ሳይገባ ብስባሽ አጉርሳ ዛፉን መለሰችው። የመጀመሪያውን ፍሬ ልጣ ያቀረበችው ለእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። ምራቴ ሆይ፣ ይቅር በዪኝ። አመሰግንሻለሁ።

ሦስተኛ፦ ልጄ ሆይ፣ ኮክ የሚገረዘው ቅጠሉ ረግፎ እንቡጡ ሳያብጥ ነው፤ እሱንም ሚስትህን አስፈቅደህ። ጎመኑና ካሮቱ በየዓመቱ መደብ ይቀያየሩ። በጠዋት አጠጣ። መኪናህን ደጅ አቁማት፤ ዝናብ አያሟሟትም።

ይህ ሲጻፍ ምራቴ ሻይ ይዛ ገብታ ኖሮ፣ «አባባ፣ እኔ እኮ ያን ቀን በመስኮት አይቼዎት ነበር። መጋዝ ይዘው መሰላሉ ላይ ነበሩ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አልኋት።

«ዛፉማ ይድናል ብዬ ነዋ። እርስዎ ግን በሰው ፊት ቢዋረዱ መቼ ይድናሉ?»

ጸሐፊው «ይህ ከኑዛዜው አይገባም» ቢለኝም፣ ይግባ ብዬ አዝዣለሁ።

እነዚህን ምስክሮች የመረጥኋቸው ያን ጊዜ ስሟን ሳጎድፍ ቆመው የሰሙ እነሱ ስለሆኑ ነው። ያን የሰሙ ጆሮዎች ይህንንም ይስሙልኝ።

ተናዛዡ፦ ፈርሜአለሁ።
ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ፦ ሰምቻለሁ።
ጡረተኛዋ አዋላጅ፦ ያኔም ሰምቻለሁ፤ ዛሬም ሰምቻለሁ።