ሣጥን ለተባለው ሕፃን ሞክሼ

ለተከበሩ የልደትና የስም መዝገብ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጥር በረዶ የጸና፣ ቢሮዎም የሞቀ ይሁን እላለሁ። በስምዎ ልጠራዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ፊደል አትመው በላኩልን መልስ ግርጌ፣ ስምዎ ሊሆን በሚገባው ቦታ የተቀመጠው ባዶ ሣጥን ነው። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት ክቡር ሣጥን ብዬ እቀጥላለሁ። ሰሞኑን ደውሎ «ሃሎ» ሲሉት የሚዘጋብዎ ሰው እኔ ነኝ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር መነጋገር ስለማፍር ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ አያቴ ኡግሩክ የባሕሩ በረዶ ሲጋገር ዐረፉ። ከብርዱ ወራት ጨለማ በኋላ ፀሐይ በተመለሰችበት ሰሞን እኅቴ ወንድ ልጅ ወለደችና ሕፃኑ ስማቸውን ወረሰ። እኛ ዘንድ ስም የወረሰ ሰውየው ራሱ ነው፤ እኔ ሕፃኑን አያቴ እለዋለሁ፣ ሴት አያቴ ማኔላቅም ባሌ ይሉታል። ሽንት ጨርቁን ሲቀይሩ «ዛሬም የአንተን ልብስ እኔው ልጠብ? ያን ሁሉ ዘመን ያጠብኩት አልበቃህም?» እያሉ ይቆጡታል። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፤ በላኩልን የልደት ወረቀት ላይ ግን በስሙ ፋንታ ሣጥን ታትሟል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር የተሰጠውን ፊደል ብቻ እንደሆነ፣ የሌሎቹ መንደሮች ፊደላት ሲቆጠሩም የእኛዎቹ ጥቂቶች እንደተዘነጉ በትዕግሥት አስረድተውናል። ያልተቆጠርንበትን ምክንያት ያህል በጥንቃቄ የተብራራልን ነገር የለምና እናመሰግናለን። አጎቴ ቂርኙቅ መፍትሔ አለው፦ «ኡግሩክ ማለት ጢማሙ አቆስጣ አይደል? የአቆስጣ ሥዕል ስልኬ ላይ አለ፤ እሱን ይለጥፉለት።» ለባሕር እንስሳው ሥዕል ቁጥር ተርፎ ለስሙ የጠፋበትን ጥበብ ማድነቅ ይገባኛል።

ሦስተኛ፤ በረዶው ሳይሰነጠቅ መሣሪያዎ የሚያውቀው ሌላ ስም እንድንመርጥ፣ ካልመረጥን ግን እርስዎ መርጠው እንደሚመዘግቡለት ጽፈዋል። ደግነትዎ ወሰን የለውም። የክሊኒኳ ነርስ እርስዎ ከላኳቸው ያማሩ ስሞች በአንዱ ብትጠራው ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አለቀሰ። አያቴ ማኔላቅ ጆሮው ሥር ቀስ ብለው በስሙ ሲጠሩት ግን ጸጥ አለ። በስሙ የማይጠራ ሰው ተመልሶ ይሄዳል ይባላል። እሳቸው ባላቸውን አንዴ ቀብረዋል፤ ሁለተኛው ቀብር በቢሮዎ በኩል እንዲፈጸም አይፈልጉም።

አራተኛ የለኝም። ሦስቱን ለመጻፍ እንኳ ብዙ ጊዜ አፍሬ ቀድጃለሁ።

ለቁጥሮችዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሣጥኖችዎም ክዳን የምትመኝ፣ ስሟን መሣሪያዎ አንድም ሳያጎድል የሚያውቅላት ዕድለኛ፣

ኒቪያቅ

ማስታወሻ፦ በእኛ ወግ ሞክሼዎች እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ሕፃኑም ሣጥን እርስዎም ሣጥን ስለሆኑ፣ አያቴ ማኔላቅ ወረቀቱንና ደብዳቤዎን ጎን ለጎን አይተው እርስዎም ባላቸው መሆንዎን ያለ ቅሬታ ተቀብለዋል። እንዲህ በይው ብለውኛል፦ «አቆስጣው ሳይገፈፍ ደጅ ተጋድሟል፤ በበረዶ ላይ የምንነዳው ሞተርም አልነሳ ብሏል። ባሌ ከሆነ ይምጣና ይሥራ፤ ካልሆነ የባሌን ስም ይመልስልኝ።»