ለሰው ሲያነቡ የኖሩት የአቶ ጥላዬ ፈንቴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥላዬ ፈንቴ ከአባታቸው ከአቶ ፈንቴ መኮንን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረጓ ተሰማ በ1942 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ደንቢያ ውስጥ ተወለዱ። ወሩን የሚያውቅ ሰው የለም። የእስራኤል መታወቂያቸው ጃንዋሪ አንድ ይላል፤ እናታቸው ግን ሲወለዱ ዶፍ ዝናብ ይጥል ነበር ይሉ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ደንቢያ ዝናብ የለም። ቤተሰቡ የሚያምነው እናትየዋን ነው።

በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ከአባታቸው ሽመና ተምረው በዚያው ሙያ ጎለመሱ። በ1964 ዓ.ም. ወይዘሮ አገኘሁሽን አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ በ1972 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያቸው ሲደርስ ከገዛ ልጃቸው ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ተማሩ። አብረዋቸው የተማሩት ጎልማሶች ሰርተፊኬታቸውን ተቀብለው ወደ እርሻቸው ሲመለሱ፣ እርሳቸው ግን በዚያው አንባቢ ሆነው ቀሩ።

በዚያ ዘመን ማንበብ ለብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ደብዳቤ የመጣለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ጎረቤትም ይከተለዋል፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ልጆቻቸው ጦር ግንባር የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ አቶ ጥላዬ ይመጡ ነበር። እርሳቸውም ሽመናቸውን አቁመው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ያነቡላቸዋል።

አንድ ደንብ ነበራቸው፦ መርዶ ከወረቀት አይነበብም። መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ የሞት ወሬ ከገጠማቸው ያችን መስመር በዓይናቸው አልፈው፣ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ወረቀቱን አጥፈው ይመልሳሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናትየዋ በወጉ ትረዳለች። በዚህ የተቀየማቸው ሰው አልነበረም።

ጎንደር ከተማ ገብተው የእስራኤልን ፈቃድ ሰባት ዓመት ከጠበቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነቤተሰባቸው ወደ እስራኤል ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ናታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር መኖር ጀመሩ። ባሕር ዳርቻው ላይ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ሥራ አሥራ ሦስት ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጡ። እንግዶች ጥለዋቸው የሚሄዱትን የፈረንሳይኛና የሩስኛ መጻሕፍት መጣል አልሆንላቸው ብሎ በፌስታል ቤት ያመጡ ነበር። ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ «ደሞ ይኼን ማን ሊያነበው ነው?» ሲሏቸው፣ «ባለቤቱ ቢመጣስ?» ይሉ ነበር። የመጣ የለም። መጻሕፍቱ ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ ሺቫ፣ የሰባቱን ቀን ሐዘን፣ ለመቀመጥ የሚመጣ ሰው ደስ ያለውን መውሰድ ይችላል።

ዶራም ውስጥ ሥራቸው ያው ነበር። ሕንጻው መግቢያ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጎንደር የሚመጣ ደብዳቤ ያነቡ ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ ድምፁን በስልክ እየቀዳ መላክ ሲጀምር ሥራ ፈቱ። የልጃቸውን የሙኒትን ልጅ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ኦፍሪን፣ ፊደል ያስተማሯት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ስታነብ አይተዋት፣ «ለማን ነው የምታነቢው?» አሏት።

«ለራሴ።»

«ራስሽ መች ሰማች? ከንፈርሽ እንኳ አልተነቃነቀም።»

በመጨረሻ ደብዳቤ የምታስነብባቸው አንዲት ሴት ብቻ ቀረች፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ትርፌ። ወንድማቸው ትሁኔ ደንቢያ ነበሩ፣ ስልክም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰው እጅ አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው የትሁኔ ልጅ ነው፤ አባቱ መሞታቸውን ይናገራል። አቶ ጥላዬ እንደ ደንባቸው መስመሩን ዘለው ሰላምታውን አነበቡና ወደ ወይዘሮ ትርፌ ልጆች ሄዱ። ልጆቹ፣ «እማዬ በሚቀጥለው ሳምንት ልቧን ልትታከም ነው፤ ትዳንና» አሉ። ወይዘሮ ትርፌ ዳኑ። ከዚያ ሠርግ መጣ። ከዚያ ደግሞ ጎህ ሲቀድ የሚሰበሰብ ሰው ጠፋ፤ አንዱ ልጅ በዚያ ሰዓት ኤቨን የሁዳ ከተማ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላው አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ሽማግሌዎቹም አልጋ ይዘዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሆነ። ወይዘሮ ትርፌ ሌላ ደብዳቤ ሲዘገይባቸው «መንገድ ተዘግቶ ይሆናል» እያሉ ያችኑ ደብዳቤ ደጋግመው ያስነብቡ ነበር። አቶ ጥላዬም በየጊዜው ያችኑ መስመር ይዘሉ ነበር።

በ2024 ጸደይ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ሆነው ደብዳቤው ሲነበብ ኦፍሪ አጠገባቸው ነበረች። ድምፅ ሳታሰማ በዓይኗ ቀድማ አነበበችና፣ «አባባ፣ ዘለልክ! ትሁኔ ሞተ ይላል እኮ» አለች። ጎበዝ የምትባል መስሏት ነበር።

ወይዘሮ ትርፌ ደብዳቤውን ከአቶ ጥላዬ እጅ ወስደው ደረጃውን ወጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አቶ ጥላዬን ሰላምታ ነሷቸው። ሽማግሌ ተላከ፤ «ወንድሜን ስድስት ዓመት ሳላለቅስለት እህል እየበላሁ እንድኖር ያደረገኝ እሱ ነው» ብለው መለሱ። አቶ ጥላዬም አግዳሚው ላይ መቀመጥ ተዉ። ኦፍሪ ጥፋቱ የኔ ነው ስትላቸው፣ «አንቺማ ያለውን አነበብሽ፤ ጥፋቱ ያላነበበው ሰው ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያ የሚጨነቁት ስለዚህ ብቻ ነበር። ትርፌ ሳትታረቀኝ አልሙት ይሉ ነበር።

በ2025 የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ሊያርፉ ስድስት ቀን ሲቀራቸው ወይዘሮ ትርፌ መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው ደብዳቤውን አወጡና፣ «እንዳለ አንብብልኝ» አሉ። ኦፍሪ ላንብብልዎ ብትላቸው፣ «አንቺ ዝም በይ! አንዴ አንብበሻል። እሱ ያንብበው» አሏት።

አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀመሩ። መስመሯ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቀጥል፣ ጥላዬ።»

«አባቴ ትሁኔ ጥር ስምንት ቀን አርፏል። በወጉ ቀብረነዋል» ብለው አነበቡ፤ እስከ ፊርማው ድረስም ጨረሱት። ወይዘሮ ትርፌ ጮኸው አለቀሱ። ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ ሮጣ መጣች፤ በዕብራይስጥ ልታስረዳት የምትችለው ኦፍሪ ብቻ ነበረች፣ እርሷም ታለቅስ ነበር። ከዚያ ወይዘሮ ትርፌ ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። ታርቄሃለሁም አላሉ፣ አልታረቅህምም አላሉ።

አቶ ጥላዬ ፈንቴ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2025፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ገደማ አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሊሄድ ሲል ወይዘሮ ትርፌ ደወሉ። «የቤተሰቡን ስም የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ። እኔንም ጻፊኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍዎ?»

«ምን ትያለሽ? እኅት ነዋ!»

ስለዚህ አቶ ጥላዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገኘሁሽን፣ አራት ልጆችን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ እና እኅታቸውን ወይዘሮ ትርፌን ትተው ሄደዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በጥሩ ቦታ ያሳርፍ። ለእኛም አብሮን የሚያለቅስ ሰው አያሳጣን። አሜን።