በስም መመሳሰል ስለተሰረዘው የአባቴ መንገድ

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያ ማዕከሉ የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ ወንበር ላይ በመዋል እንዳልተጎዳ፣ ዓይንዎም ከስክሪኑ ብርሃን እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የ«ሰርዝ» ቁልፍን የተጫነችውን ጣትዎን ቁርጥማት አይንካት። ይህን የምጽፍልዎ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል የሚኖረው የጡረተኛው አውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነኝ። በግል ያመለከትኩት ጉዳይ «ተፈጽሟል» ተብሎ ስለተዘጋ፣ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መስመር ላይ አውቶቡስ ነድቷል። ዛሬ የመርሳት ሕመም ይዞት ጠዋት የበላውን ከሰዓት አያስታውስም፤ እኔንም አያውቀኝም። በማዕከልዎ መዝናኛ ክፍል ደግሞ መሪና ፔዳል የተገጠመለት የአውቶቡስ መንዳት ጌም አለ። ጌሙ ሲመጣ ከተማው የባዕድ፣ አውቶቡሱም የሰው ነበር። የምተዳደረው ካርታ በመሥራት ነውና፣ ተጫዋቾች «ሞድ» የሚሉትን፣ ጌሙን እንደ ፈለጉ የሚለውጡበትን ፋይል መሥራት ተማርኩ፤ አባቴ አጠገብ ተቀምጬም እዚያው የማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ የእሱን መስመር ከተርሚናሉ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሠራሁለት። የዳቦ ቤቱን ጥግ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚቋጥረውን ጉድጓድ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያጓራውን ሞተር አንድ በአንድ የነገረኝ እሱ ነው፤ ያኔ ገና ይህን ያህል አልረሳም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ መሪውን ሲጨብጥ ሰውዬው ይመለስ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጬ ፈረቃው እስኪያልቅ አብሬው እዞር ስለነበር፣ በጌሙም የትምህርት ቤቱን ፌርማታ ሲያልፍ ዞር ይልና በስሜ ጠርቶ «ያዢ እንግዲህ፣ ኩርባ ነው» ይለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በቀን ውስጥ አባት የነበረኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራ እንዳይበዛብዎ ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፦ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሞልቶ አዲሱ ሲመጣ፣ ጌሙና ሞዱ እንዳሉ እንዲዛወሩ፣ ኮፒ ሆነውም በሁለት ቦታ እንዳይቀሩ በትሕትና ጠይቄ ነበር፤ ሞዱ በሁለት ቦታ ከተገኘ ጌሙ ይምታታበትና አይከፈትም። እርስዎ ግን ከለመኑት በላይ የሚሰጡ ቸር ሰው ነዎት። ሞድ እንዲሠራ እያንዳንዱ ፋይል የሚተካውን የጌሙን ፋይል ስም መያዝ አለበት፤ ስለዚህ የእኛ መንገድ ከባዕዱ መንገድ ጋር፣ የአባቴም አውቶቡስ ከባዕዱ አውቶቡስ ጋር ሞክሼ ነበሩ። እርስዎ «አንድ ፋይል በሁለት ቦታ አይቀመጥም» የሚለውን መመሪያዎን ይዘው፣ ገና ከአሮጌው ዲስክ ሳይነሱ ሞክሼዎቹን ጎን ለጎን አዩ፤ ውስጣቸውን ሳይከፍቱም አንዱን ትርፍ ነው ብለው ሰረዙ። ተዛውሮ የደረሰን የባዕዱ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና፣ ሰፈራችንን አይተውት ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።

፪ኛ፦ ከዚያም «ጌሙ ተዛውሯል፤ በትክክል ይሠራል» ብለው ሪፖርት አደረጉ። እውነትዎን ነው፤ ይከፈታል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፣ አውቶቡሱ ያብረቀርቃል። አባቴ ተቀመጠ፣ መሪውን ጨበጠ፣ ትንሽ ነዳ፣ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ በዝግታ መንገድ ዳር አቁሞ «ጠፍቻለሁ፤ ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቁልኝ» አለ። በሾፌርነት ዘመኑ ጠፍቶ አያውቅም። ነርሷ ልታነሳው ስትሞክር ሾፌር ተሳፋሪ ጥሎ አይወርድም ብሏት፣ እራት እስኪቀርብ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ይህ በሪፖርቱ ላይ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ እረዳለሁ።

፫ኛ፦ ሞዱን እንደገና እንድሠራው ስለመከሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እጄስ ይሠራል፤ የሚነግረኝ ግን የለም። ሰፈሩ ከፈረሰ ቆይቷል። ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዛሬ መኝታ ክፍሉ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ለምን ለራሴ ኮፒ እንዳላስቀረሁም ጠይቀውኝ ነበር። በርዎ ላይ «ፍላሽ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ያከበርኩ ሞኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀረሁም።

፬ኛ፦ ይኼኛው እንኳ ከቅሬታ ይልቅ ልመና ነው። አሮጌው ዲስክ አሁንም በእጅዎ ነው። ባለሙያ ጠይቄ እንደተረዳሁት የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ሊመለስ ይችላል። ይህንኑ ባመለከትኩ ማግስት ግን አዲሱን ዲስክ የተረከቡበት ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፎች አሮጌው ላይ መጫን ጀመሩ፦ እርስዎ እጅ ሲጨብጡ፣ እንደገና ሲጨብጡ፣ ዓይንዎ ተጨፍኖ ስለነበር አሁንም ሲጨብጡ። መመሪያው እዚህ ላይ ለምን እንደራራ አልጠይቅም። ብቻ አንድ ፎቶ በተጫነ ቁጥር ከአባቴ መስመር አንድ ፌርማታ ሳይጠፋ አይቀርም። ዲስኩን እንዲያውሱኝ ብለምን የማዕከሉ ንብረት ከበር አይወጣም ተባልኩ። እሺ፣ አይውጣ፤ ባለሙያው እዚያው መጥቶ ሊሠራ ፈቃደኛ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ዲስኩ ላይ መጫን ይቁምልኝ፤ ባለሙያውም ይግባልኝ። ከዚህ ሌላ የምፈልገው የለኝም።

ስለሰጡን ሰፊ፣ ንጹሕና ባዶ ዲስክ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ሹመትዎን ያርዝምልዎ፤ እርጅናዎንም ስምዎን ብቻ ሳይሆን እርስዎን የሚያውቅ ሰው ባለበት ያድርግልዎ።

ወደር ከሌለው አክብሮት ጋር፣
የሾፌሩ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ስሜን ነገርኩት። ወልዶ ያሳደገኝ ሰው አንቱ ብሎኝ፣ የእሱም ልጅ ስሟ እንደዚሁ መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ እንደምትመጣ፣ ወንበሩንም እንድለቅላት በጨዋ ደንብ ነገረኝ። ተነስቼ ቆምኩ። እንግዲህ በአንድ ስም ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ተገኝተናልና፣ በመመሪያዎ መሠረት ከሁለታችን አንዳችንን መሰረዝዎ አይቀርም። ምርጫው የእኔ ከሆነ፣ እሷን ያስቀሩለት።